ጠጠር የሚያኝክ ድምፅ

«እትዬ አሁንም ጠጠር እያኘኩ ነው?» አሉ የሬዲዮ ክበቡ መምህር በበሩ አንገታቸውን አስግገው።

«እያኘኩ ነው» አለች ሽቦ። ማዳመጫ ከአንገቷ ስለማይጠፋ ነው ይህ ስም የወጣላት፤ የክበቡን ኮምፒውተር ከእሷ በቀር የሚነካው የለም። ጡረታ የሚወጡት የቤተ መጻሕፍቱ እትዬ የቀዱት የስንብት ቃል፣ የምሳ እረፍቱ ሊያበቃ ሲል በግቢው ስፒከር ሊሰማ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ድምፃቸው ግን ይንኮሻኮሻል፣ ይሰነጣጠቃል።

መምህሩ ስፒከሩን ሁለቴ በጥፊ ብለውት ሄዱ። ለኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ የሚያውቁት ሕክምና ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት ለዚህ ድምፅ ጥፋተኛ ያገኘችለት ራሷ ሽቦ ነበረች። ቀረጻውን የሠራችው የልብ ጓደኛዋ ናት። ሽቦ «ማይኩን አፋቸው ውስጥ ልትከተው ምንም አልቀራትም» ስትል የክበቡ ልጆች በሳቅ ሞቱ፤ ጓደኛዋም ማይክ እንዳትነካ ተባለች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም።

ገመድ ቀየረች። ማዳመጫ ቀየረች። ያው ነው። እሷ ደግሞ አንዴ ከያዘች አትለቅም፤ ፋይሉን በመቅረጫው በራሱ ከፈተችው። እትዬ ጥርት ባለ ድምፅ «ልጆቼ፣ መጽሐፍ ያልመለሳችሁትን ይቅር ብያለሁ» አሉ።

ቀረጻው ደህና ነው፤ ጥፋቱ ኮምፒውተሩ ጋ ነው። የኮምፒውተሩን የድምፅ ማስተካከያ ከፈተች። መቅረጫው ድምፁን በሰከንድ አርባ ስምንት ሺህ ጊዜ እየለካ ነው ያስቀመጠው፤ ኮምፒውተሩ የተስተካከለው ግን አርባ አራት ሺህ አንድ መቶ ላይ ነው። አንዱን ወደ ሌላው ሲለውጥ ነው የሚያበላሸው። ቁጥሩን ማን እንደነካው መጠየቅ አላስፈለጋትም። ዘፈን ላቀናብር ብላ ራሷ ነካክታው ነበር።

አስተካከለችው። ጠጠሩ ጠፋ።

መምህሩ ተመልሰው ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ያቺ ልጅ ያበላሸችውን እንዲህ ማጥራት ቀላል እንዳልሆነ፣ ነገ በሰልፍ ላይ ሊያመሰግኗት እንደሚገባ ተናገሩ። ምስጋናውን ለመውሰድ ሽቦ ዝም ማለት ብቻ ይበቃት ነበር።

«ቲቸር፣ አንዴ ቁጭ ይበሉ» አለች። ቁጥሩን ወደ ነበረበት መለሰችው፤ እትዬ እንደገና ማኘክ ጀመሩ። አስተካከለችው፤ ጠሩ።

«ታዲያ ማን ነው የነካው?»

«እኔ። ቀረጻው ከመጀመሪያውም ንጹሕ ነበር።»

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። ሰባት ደቂቃ ቀርቷል። ስርጭቱን ማን እንደሚከፍተው ሲጠይቋት ሽቦ «ቀረጻውን የሠራችው» ብላ በሩ ላይ ደርሳለች። ጓደኛዋ በዚህ ሰዓት ከሜዳው ማዶ አትጠፋም፤ ሮጦ ለመድረስ ሁለት ደቂቃ፣ አብሮ ለመመለስ ሁለት ደቂቃ። የሚተርፈው ሦስት ደቂቃ ይቅርታ ለመጠየቅ ይበቃ እንደሆነ እዚያው ስትደርስ ታየዋለች።