የጭራ ቆራጣው ካዮቲ ቆዳ

መርማሪ ሠርካለም ከኦበርን በስተምሥራቅ ካለው የበግ እርሻ ስትደርስ፣ ቆዳ አልፊው ወንድምአገኝ የአጥር እንጨት ተደግፎ እንደተቀመጠ ሞቶ አገኘችው። ጥይቱ ማጅራቱን መትቶታል። አርባ እርምጃ ያህል ፊት ለፊቱ በባትሪ የምትሠራ የጥንቸል አምሳያ አሁንም ትወዛወዛለች፤ ከጎኗ የተቀመጠው ማጫወቻም የቆሰለች ጥንቸል ጩኸት ይለቃል። ካዮቲ የሚባለውን፣ ቀበሮ የሚመስለውን የበግ ጠላት ለማታለል የተጠመደ ወጥመድ ነው። ሟቹ ሲሞትም ማጫወቻው ሲጮህ ነበር፤ ከሞተም በኋላ ይጮሃል።

«ይህን ነገር አንድ ሰው ያጥፋልኝ» አለች።

ባልደረባዋ ሚለር ሰው ይዞ ጠበቃት። ብሥራት ይባላል፤ የሟቹ የእህት ልጅ ነው። በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ኦበርን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል። ጎህ ሲቀድ ከአጎቱ ጋር የነበረው እሱ ብቻ ነው፣ ጠመንጃም ይዟል፤ ለሚለር ይህ ይበቃዋል። ዛሬውኑ፣ ሳይመሽ፣ በነፍስ ግድያ ሊያስከስሰው ነው። ጅብ ቸኩሎ ቀንድ ይነክሳል፤ ሠርካለም ሚለርን ባየች ቁጥር ይህ ተረት ትዝ ይላታል።

«የት ነበር የተቀመጥከው?» ስትል ካቴና የገባለትን ልጅ ጠየቀችው።

«እዚያ፣ ከአምሳያዋ ማዶ። ካዮቲ ጠርጣራ ነው፤ ዞሮ ሽታ የሚያነፈንፈው ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ነው። ያንን ወገን የምጠብቀው እኔ ነኝ።»

«ተኩሱን ስትሰማስ?»

«አጎቴ ጣለ ብዬ ደስ አለኝ። አዳኝ ከተኩስ በኋላ ከቦታው አይነሣም፤ ሌላ ካዮቲ ሊመጣ ይችላል። ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እሱ እየሞተ እኔ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።»

ሠርካለም ሣሩን አየች። ጤዛው ላይ ከብሥራት መቀመጫ ተነሥቶ ሬሳው ድረስ የሚመጣ አንድ ቀጥ ያለ ዱካ ብቻ አለ። ጥይቱ ግን የመጣው ከኋላ፣ ከመኪናው መንገድ በኩል ነው። ለሚለር አሳየችው። «ዞሮ በመንገዱ መጥቶ ይሆናል» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ።

«አጎትህን ማን ይጠላው ነበር?»

«ማን የማይጠላው አለ? ካዮቲ አብረውት ያድናሉ፣ ቆዳውን ያስለፉታል፣ ዞር ሲል ‹ፋቂ› ይሉታል። ነገ እሑድ ሽማግሌ ይዞ ጋሽ ኃይለ መስቀል ቤት ሊሄድልኝ ነበር፤ ልጃቸውን ኖላዊትን ሊጠይቅልኝ።» ወደ ሚለር አየ። «እንግዲህ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ነው። ውሰዱኝ።»

ፋቂ የሚለው ቃል ሠርካለምን ወጋት። ለምን እንደሚወጋት እዚህ አገር ለማንም ነግራ አታውቅም።

አብረው ከሚያድኑት አራት ሰዎች ሁለቱ ዛሬ አልመጡም። መጀመሪያ ሬድመንድ ወደሚኖረው የሶፍትዌር ባለሙያ ወደ እዮብ ሄደች። ግቢ እንኳን ሳይላት በሩ ላይ ቆሞ አናገራት።

«አዎ፣ አልወደውም ነበር። ሶ? ማክሰኞ እኔ ሹት ያደረግሁትን ካዮቲ፣ ጭራው ቆራጣ የሆነውን፣ አልፋልኝ ብዬ ሰጠሁት። ሐሙስ ሶዶ፣ መጋዘኖቹ ሠፈር ያለው ማልፊያው ጋ ስሄድ ቆዳው የለም። ‹ጋሽ ኃይለ መስቀል እንግዳ አለብኝ ብለው ወሰዱት› አለኝ። የእኔን ቆዳ! ትልቅ ሰው ሲያይ መቅለስለስ ልማዱ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ከንጋት ጀምሮ ሚቲንግ ላይ፤ ቅዳሜም እንሠራለን። ስድስት ሰው በቪዲዮ አይቶኛል። ኮል አድርገሽ ጠይቂያቸው፣ ኦኬ?» ብሎ በሩን ዘጋባት። ደወለች፤ እውነቱን ነው።

ኃይለ መስቀል የመኪና ማጓጓዣ ድርጅት ባለቤትና የአገር ልጆች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰባት የካዮቲ ቆዳ ሰቅሏል፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ገድዬ፣ በእጄ ያለፋሁት» ይላል። ሠርካለምን ጋራዡ ውስጥ ተቀበላት። ጣውላ ላይ አንድ ቆዳ ተወጥሯል፤ ጨው ተነስንሶበታል።

«ለዚያ ሰው ሞት እኔ ጋ ምን አመጣሽ?» አለ። «ይህን ትናንት ማታ ገደልኩ። ከንጋት ጀምሮ ስገፍ፣ ሥጋውን ስፍቅ፣ ጨው ስነሰንስ ነው የቆየሁት። ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ደክመዋል ማለት ነው። ጆሮው አላስቸገረዎትም?»

«ጆሮ ምን አለው? ጨው ነስንሶ መተው ነው።»

ሠርካለም ቆዳውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ እንደ ከበሮ ጮኸ። ጆሮውን ዳሰሰች። ጭራውን አየች።

«ይበቃሻል። ሴት ልጅ ቆዳ ስትዳስስ አያምርም» አላት።

አመስግናው ወጣች። ከመኪናዋ ለሚለር ደውላ ጋራዡን የሚያስፈትሽ የፍርድ ቤት ማዘዣ እንዲያወጣ ነገረችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሶዶ፣ ወንድምአገኝ ቆዳ ከሚያለፋበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጭርንቁሱ፣ ባልዲው፣ መፋቂያ ቢላዋው እንዳለ ነው። ኃይለ መስቀል አፍንጫውን በመሐረብ ይዟል፤ ኖላዊት ከአባቷ ራቅ ብላ ቆማለች። እዮብ ስልኩን ይነካካል። ብሥራት ካቴናው እንደገባለት ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሠርካለም ከጋራዡ ያስመጣችውን ቆዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ጋሽ ኃይለ መስቀል፣ ይህን ዛሬ ጠዋት ነው ጨው የነሰነስኩበት ብለዋል።»

«ብያለሁ።»

«ዛሬ ጨው የነካው ቆዳ ውኃ ያለቅሳል፤ ጨው ይረጥባል፣ ጣውላው ሥር ይንጠባጠባል። ይህ ግን ደርቆ ጣውላ ሆኗል። ቢያንስ ሦስት ቀን አልፎታል።»

«ሙቀት ለቅቄበት ነው።»

«ይሁን። ጆሮውስ? ጆሮ ካልተገለበጠና ውስጡ ያለው ለስላሳ አጥንት ካልወጣ ጸጉሩ ይመለጣል። እርስዎ ጨው ነስንሶ መተው ነው አሉኝ። የዚህ ግን እስከ ጫፉ ተገልብጧል። የሠራው ሰው ያደረገውን እርስዎ አያውቁትም።» ወደ እዮብ ዞረች። «ጭራውን እይ።»

እዮብ ስልኩን አስቀመጠ። «የእኔ ነው» አለ። «ማክሰኞ የገደልኩት ነው።»

«ወንድምአገኝ ማክሰኞ ፋቀው፤ ሐሙስ እርስዎ ወሰዱት። ከዚያ ዛሬ ጠዋት የት እንደነበሩ መናገሪያ አደረጉት። ሰባት ቆዳ አስለፍተው አንድ ቀን እንኳን ቆመው ሲሠራ አላዩም፤ ነውር ነዋ። ቢያዩ ኖሮ ሌላ ውሸት ይመርጡ ነበር።»

ስልኳ ጮኸ። ሚለር ነው። አዳምጣ ዘጋችው።

«ጋራዥዎ ውስጥ ጠመንጃዎ ተገኝቷል፤ ዛሬ ተተኩሶበታል። ንቅንቅ ያላለው ጫማዎ ሥር ደግሞ ያልደረቀ የበግ በጠጥ ተጣብቋል። ጥይቱ ለአጎቱ፣ እስሩ ለልጁ። ነገ ደጅዎን የሚያንኳኳ እንዳይኖር።»

ኖላዊት «አባዬ» አለች።

መሐረቡ ከኃይለ መስቀል እጅ ወደቀ። «ፋቂ ሽማግሌ ሆኖ ሳሎኔ ሊቀመጥ?» አለ። «ልጄን ሊጠይቀኝ? ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ ያልነካኝ ደም ቤቴ ሊገባ?» ከዚያ ሠርካለምን ትኩር ብሎ አያት። «አንቺስ ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው? ፖሊስ ቤት ጆሮ መገልበጥ ያስተምራል?»

ሠርካለም ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየሰርጉ ቤት፣ አባቴ ነጋዴ ነበር ስትል ኖራለች። ፈራች። ከፍርሃቷ ይልቅ ግን ንዴቷ በለጠ።

«አባቴ ፋቂ ነበር» አለች። «ያስተማረኝ እሱ ነው፤ በሰባት ዓመቴ።»

ሠርካለም ሄዳ የብሥራትን ካቴና ፈታች። ኖላዊት መጥታ የተላጠውን የእጁን አንጓ ያዘችው። ሠርካለም ያንኑ ካቴና ይዛ ወደ ኃይለ መስቀል ተመለሰች፤ እሱ ሁለት እጁን ከጀርባው ደበቀ።

«አትንኪኝ። ሌላ ሰው ይሰረኝ።»

«እጅዎን ይስጡኝ፣ ጋሼ።»

እጁን ራሷ ያዘችና ብረቱን ዘጋችው። ኃይለ መስቀል እስከ መኪናው ድረስ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ያይ የነበረው ግን ካቴናውን አልነበረም፤ እጇ ያረፈበትን ቦታ ነበር።