በቀኙ በኩል

«መድፉን ነው የምመርጠው በያቸው» አለ አባቷ የጫማውን ክር እየፈታ። ከጥበቃ ሥራው ገና መግባቱ ነው። ልጁ ትምህርቷን ጨርሳለች፤ ነገ ጠዋት የባሕር ኃይል ምልመላ ቢሮ ቀርባ የምትሠለጥንበትን ሙያ ትናገራለች። እሱ እንደሆነ እንደ አባቷ መድፈኛ ልትሆን ነው ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል።

እሷ ግን ሌላ ሙያ በልቧ ይዛለች፤ የመርከብ ማቀዝቀዣ ማሽኖች ጥገና። አገልግሎቷን ጨርሳ ስትወጣ የዓሣ መጋዘኑም፣ ሆስፒታሉም፣ መንገድ ማዶ ያለው ሥጋ ቤትም የሚፈልጋት ሰው መሆን ፈልጋለች። መድፍ ተኳሽ የሚቀጥር ሥጋ ቤት የለም። አባቷ ከመርከብ ሲወርድ ያገኘው ሥራ የፋብሪካ በር መጠበቅ ነበር። «ከመድፍ ወደ ፊሽካ ወረድኩ» እያለ ይቀልዳል፤ ግን ሁልጊዜ ብቻውን ነው የሚስቀው።

መድፉ በጩኸቱ የአባቷን ግራ ጆሮም ወስዷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ይሄኛውስ ጭራሽ አገር ለቆ ሄዷል። ስለዚህ በዚህ ቤት ለመናገር የከበደ ነገር ሁሉ የሚነገረው በግራው በኩል ነው። እናቷ ስታኮርፍ እዚያ ተቀምጣ ታጉረመርማለች። ታናሽ ወንድሟም መስኮት የሰበረ ቀን እዚያው ተናዝዞ፣ ቀለል ብሎት ኳሱን ይዞ ወጣ።

እሷም ሄዳ በግራው ተቀመጠች።

«አባዬ፣ መድፈኛ አልሆንም» አለች ቀስ ብላ። «አንተን ንቄ እንዳይመስልህ።»

አባቷ ካልሲውን አውልቆ እግሩን ማሸት ጀመረ። ምንም አልሰማም። እሷን ግን እንደ ወንድሟ አልቀለላትም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለውን ይህን ሰው በጣም ትወደዋለች፤ ነገሩን ነገ ከጎረቤት እንዲሰማው አልፈለገችም።

ተነሥታ ዞረችና በቀኙ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረችው፤ ማሽኑን፣ ከአገልግሎት በኋላ ያሰበችውን ኑሮ፣ የሱን ፊሽካ ሳይቀር።

አባቷ አዝኗል፤ ፊቱ ያስታውቃል። እጁን ያዘችው።

«ማሽኑ ይጮሃል?» ሲል ጠየቃት በመጨረሻ።

«ያጉረመርማል እንጂ ያን ያህል አይጮህም።»

«ቢሆንም» አለና ፀጉሯን ከጆሮዋ ላይ ወደ ኋላ መለስ አደረገው። «ጆሮሽን ሳትሸፍኚ እንዳትገቢ፣ ልጄ።»