የቢጫው መጽሐፍ ገጽ

«ሠራ! አንቺ፣ ሠራ እኮ!»

ራዲዮ የሚሉት ልጅ ዘሎ ሲነሳ ጠረጴዛው ተነቃነቀ። ጓደኛው ነጥብ ሊወድቅ የነበረውን ላፕቶፕ በክርኗ ደግፋ ያዘችው። ዓይኗን ግን ከስክሪኑ መንቀል አልቻለችም። ትናንት አርባ መስመር የፈጀባት ገጽ ዛሬ በሦስት መስመር ቁጭ ብሏል።

የሠሩት የትምህርት ቤታቸውን ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ነው። ኮዱ ውስጥ እያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ኦብጀክት ነው፤ ርዕሱ፣ መደርደሪያውና የመሳሰለው ደግሞ ፕሮፐርቲዎቹ፣ ማለትም መገለጫዎቹ ናቸው። እስከ ትናንት ነጥብ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች ነበር ገጹ ላይ የምታወጣው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ «ልጆቹ ‹ያ ቀዩ መጽሐፍ› እያሉ ነው የሚጠይቁኝ፤ የሽፋኑን ቀለም ጨምሩልኝ» ባለች ቁጥር ገጹ እንደገና ይጻፋል። አሁን ግን ሉፑ፣ ያው እየተደጋገመ የሚሠራው ትእዛዝ፣ ራሱ ኦብጀክቱን «ምን ምን አለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ያለውን ሁሉ በተራ ያወጣል።

«ጉሮሮህ ዳነ እንዴ?» አለች ነጥብ ሳትዞር።

ራዲዮ አንገቱን ያዘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኧረ ባክሽ፣ በደስታ አምልጦኝ ነው። ይኸው ባሰብኝ። ውሃ ጠጥቼ ልምጣ።»

ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው። ክፍል ውስጥ አፉ ስለማያርፍ ነው ራዲዮ የተባለው። እሷን ደግሞ የኮዱን መስመር የምትዘጋዋን ሴሚኮሎን እንኳ ስለማትረሳ ነጥብ ያላት እሱ ነው። ድምፏ ከዴስኳ ስለማያልፍ ኮዱ የእሷ፣ አዳራሽ ወጥቶ ማቅረቡ የእሱ እንዲሆን ተስማምተው ነበር። በዛሬው የኮምፒውተር ክበብ ውድድር ያሸነፈው ሥራ ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። ሃያ ደቂቃ ሲቀራቸውም ያው ጉሮሮዬን ይላል!

«ውሸታም» አለች ለራሷ።

እስኪመለስ ሉፑን ልሞክረው ብላ ከዝርዝሩ አንድ መጽሐፍ በዘፈቀደ ነካች።

ርዕስ፦ ሰው ፊት የመናገር ፍርሃት
መደርደሪያ፦ 7
ቀለም፦ ቢጫ
የመጨረሻ ተዋሽ፦

ከዚህ ቀጥሎ የራዲዮ ሙሉ ስም ከነአያቱ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ «የተዋሰበት ብዛት፦ 3» ይላል።

ነጥብ ስክሪኑን በእጇ ሸፈነችው፤ ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም።

ሦስት ጊዜ። ያ ወሬኛ!

ግን እንዴት ወጣ? የተዋሾችን ስምና ብዛት በገዛ እጇ ፕራይቬት፣ ከውጭ የማይታይ አድርጋዋለች። አዳራሹ ውስጥ አንዱ ተነስቶ የፈለገውን ርዕስ ቢጠራ የማን ስም እንደሚወጣ ማን ያውቃል? ኮዱን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከተለችው። አገኘችው! ሉፑን የጻፈችው ክላሱ ውስጥ፣ የመጽሐፉ ኦብጀክት ራሱ በሚበጅበት የኮድ ክፍል ነው። እዚያ የተቀመጠ ሉፕ እንደ ቤት ልጅ ነው፤ ጓዳም ገብቶ የተደበቀውን ያያል። በር ላይ የቆመ እንግዳ ግን የሚያየው ሳሎኑን ብቻ ነው።

ሦስቱን መስመሮች ቆርጣ ከክላሱ ውጪ፣ ገጹ ላይ ለጠፈቻቸው። ገጹን እንደገና ከፈተች። ርዕስ፣ መደርደሪያ፣ ቀለም። አለቀ። በደስታ ልትጮህ ትንሽ ቀራት።

«ምን እያየሽ ነው?» ራዲዮ ከኋላዋ ቆሟል። ርዕሱን ሲያነብ ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄ... ይሄ ገጽ ሌላ ምን ያወጣል?»

«ፐብሊክ የሆነውን፣ ለሁሉም የተፈቀደውን ብቻ» አለች።

ራዲዮ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ።

የክበቡ መምህር በሩን ገፋ አድርገው ብቅ አሉ። «እናንተ ልጆች፣ ቀጣዮቹ እናንተ ናችሁ። ማነው የሚያቀርበው?»

ራዲዮ አንገቱን ያዘ።

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር» አለች። «እሱ ጉሮሮውን አሞታል። ኪቦርዱን ይይዝልኛል።»

መምህሩ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ነጥብ ላፕቶፑን አቅፋ ተነሳች። ያቺን ሦስት መስመር ለሰው ለማሳየት ከመቸኮሏ የተነሳ ልትሮጥ ምንም አልቀራት።

«ከምን ልጀምር?» አለችው ኮሪደሩ ላይ።

«ከትናንቱ አርባ መስመር ጀምሪ» አለ ራዲዮ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ ነጥብም እንዳላወቀች ሆና ላፕቶፑን አቀበለችው።