መንገዱ ሰላም ነው

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሰው ግን አነባለሁ። ግቢዬ ውስጥ ቤት የተከራየው ኤፍሬም የልጅ ልጄን ፍሬሕይወትን መውደዱን እሱ ራሱ ሳያውቅ አውቄበታለሁ። እሷ አጣዬ ከተማ ለአዋላጅነት ሥራዋ ስትወጣ የሱ መስኮት ይከፈታል። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ማን መስኮት ይዘጋል አትበሉኝ፤ የሱ የሚከፈተው እሷ ስትወጣ ብቻ ነበር።

እንጀራው ኮምፒውተር ነው። ሹፌሮች፣ አጣዬ መንገድ ላይ ካለችው ጀውሃ ሲደርሱ፣ «ጀውሃ ሰላም ነው»፣ «ተኩስ አለ፣ ተመለሱ» እያሉ ይልኩለታል፤ መንገደኛ ደግሞ እሱ የሠራውን መተግበሪያ በስልኩ ይጠይቃል። እኛ አገር ሳይጠይቁ መውጣት ቀርቷል።

«ስማ» አለችው ፍሬሕይወት አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ፤ «መተግበሪያህ እስኪመልስልኝ አጣዬ ደርሼ ሦስት ልጅ አዋልዳለሁ።»

አንገቱን ደፋ። «ጠያቂ ሲበዛ ይንቀረፈፋል። አስተካክለዋለሁ።»

«ለኔ ብለህ?»

በሩን ይዞ ተገተረ። ቢጨንቀኝ እኔው ገባሁበት፤ «ምን ትገተራለህ፣ አስተካክልላት እንጂ!»

ሦስት ቀን ከክፍሉ አልወጣም። ምን እንደሚሠራ ጠየቅኩት።

«እትዬ ዓለምፀሐይ፣ መተግበሪያው የሚኖረው ኮንቴይነር በሚሉት ሳጥን ውስጥ ነው። አሁን አጠገቡ ሌላ ኮንቴይነር አቆምኩለት፤ ካሽ ይባላል። አንዴ የተሰጠ መልስ በሜሞሪ ይይዝና፣ ቀጥሎ ለሚጠይቅ ወዲያው ይሰጣል።»

«በርበሬ ፍለጋ ጎተራ ከመመላለስ፣ ከእጅ ሥር ማስቀመጥ ነዋ።»

«ልክ ብለዋል!»

«የቆየ በርበሬ ግን ይነቅዛል» አልኩት። ሳቀ።

ሐሙስ ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ ለተረኝነት ልትወጣ ስትል ስልኳን ነካች። ወዲያው «መንገዱ ሰላም ነው» አላት። ስልኩን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አሳየችው፤ «በረረልህ!» እየሳቀች በሹፌሩ በሙሀሲን ሚኒባስ ሄደች።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ኤፍሬም ባዶ እግሩን ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው?»

«ጀውሃ ተኩስ ከተነሳ አርባ ደቂቃ ሆኖታል። ሹፌሮች ልከው ነበር። ካሹ የሰጣት ግን የቀድሞውን መልስ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲይዝ ያዘዝኩት እኔ ነኝ... እንዲፈጥንላት ብዬ።»

«ደውልላት!»

«ስልኳ አይሠራም።»

እናቷን ቀብሬ ያሳደግኋት ናት። እኔ ግን ስፈራ ምላሴ ይሰላል፤ «መጀመሪያ ያንን ውሸታም ዝጋ! የሌላም ሰው ልጅ መንገድ ላይ አለ።»

ሮጦ ገብቶ ካሹን አጠፋ። ባጃጅ ለመነ፤ ማን ይሂድለት? ወደ ከተማው መውጫ ሮጠ። እኔም በትሬን ይዤ ተከተልኩት።

አስፋልቱ ባዶ ነበር። ከጀውሃ በኩል አንድም መኪና አይመጣም። ከሩቅ የሆነ ነገር ጓ ይላል፤ ቀጥሎ ዝም ይላል፤ ዝምታው ይብሳል። ኤፍሬም ለራሱ ሲያወራ ሰማሁት፤ «ትመለስ ብቻ። ባትወደኝም ትመለስ።»

ምን ያህል እንደቆምን እንጃ። ሚኒባሱ ብቅ ሲል መሬት ተቀመጥኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ሙሀሲን ሲወርድ። «ከፊት የሚመጣ መኪና ሲጠፋብኝ ዞርኩ። ስልኩ ሰላም ነው ይላል፤ ባዶ አስፋልት ግን አይዋሽም።»

ፍሬሕይወት ከኋላው ወረደች። ኤፍሬም ሁሉንም ነገራት፤ አንድም አልደበቀ።

ዓይኑን እያየች «ሰው ትገድል ነበር» አለችው።

«አዎ።»

ስምንት ቀን አላናገረችውም። መስኮቱ ይከፈታል፤ ቀና አትልም። እሱ ካሹን እንደ አዲስ ሠራው። አሁን የሹፌር ቃል እንደገባ የድሮው መልስ ወዲያው ይሰረዛል፤ ከመልሱም ሥር «ከተባለ አራት ደቂቃው ነው» የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

በዘጠነኛው ቀን ጧት ፍሬሕይወት መተግበሪያውን ጠየቀች፤ መልሱን ከነደቂቃው አነበበች፤ ቆመች። ኤፍሬም በሩን ከፍቶ ወጣ።

«ፍሬ፣ እወድሻለሁ።»

ቀና ብላ አየችው። «ከተባለ ስንት ደቂቃው ነው?»

«አሁን መባሉ ነው።»

«ነገስ?»

«ነገ እንደገና ጠይቂኝ።»

ከተጋቡ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ጧት ጧት ትጠይቀዋለች። መንገዱ ግን ዛሬም ያስፈራኛል። እሱንም ያስፈራዋል፤ አይነግረኝም እንጂ። እሷ ተመልሳ እስክትገባ ያ መስኮት አይዘጋም።