ትኩሳት የሌለው ሞት

ልብስ ሰፊዋ በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ሞተች። ሐኪሙ «ሳንባዋ መግል ሞልቶታል፤ ቀድማ ብትመጣ ትድን ነበር» በማለቱ ፖሊስ ተጠራ። አልጋዋ አጠገብ የተገኘው ደብተር ግን ሌላ ነው የሚለው፦ ሦስት ቀን ሙሉ፣ በየሁለት ሰዓቱ ተለክታ፣ ሙቀቷ አንዴም ሠላሳ ሰባት አልሞላም።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ደብተሩን አገላበጠች። ጉንፋን ነው ለተባለ ሕመም ይህን ያህል ትጋት አላማራትም።

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ» አለች ከባልና ሚስቱ ጋር የምትኖረው የሟች ታናሽ እህት። «ትኩሳት ከሌላት ምን ብዬ ሐኪም ልጥራ?»

ባልየው ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ዓይነ ስውር የስልክ ኦፕሬተር ነው። «የገደልኳት እኔ ነኝ፤ ስትስል እየሰማሁ ሐኪም ያልጠራሁት እኔ» ይላል ደጋግሞ።

ለመገጣጠሚያ ሕመሟ በየሳምንቱ መርፌ የምትወጋት ነርስም መጣች።

«መገጣጠሚያዋን የሚያሳብጠው ኢንተርሉኪን ስድስት የሚባል ሳይቶካይን ነው፤ የብግነት መልእክተኛ ይበሉት። መርፌው እሱን ያፍናል። ትኩሳት የሚቀሰቅሰውም እሱ ስለሆነ፣ ኢንፌክሽን ሳንባ እየበላ ቴርሞሜትሩ ዝም ሊል ይችላል። የማስጠንቀቂያውን ካርድ ለእህቷ ሰጥቻለሁ።»

«ዓይን ያወጣ ውሸት! ምንም ካርድ አላየሁም» ብላ ጮኸች እህት።

ካርዱ ከቤት ጠፍቷል። ወንፊት ቅጂውን ከነርሷ ተቀብላ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ጋሼ፣ ስለ መርፌው የሚያውቁት አለ?»

«በቃሌ ነዋ! ስልከኛ በቃሉ ካልያዘ ምን ሊበላ ነው? "መርፌውን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ። ከመወጋትዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ያውጡ። ሳል ብቻ ከሆነ ይረፉ፤ ሙቀትዎ ሠላሳ ስምንት ካለፈ ይደውሉ።"» የክሊኒኩን ቁጥርም ሳይሳሳት ጠራው።

ወንፊት ቅጂውን ዘረጋች። «ሁሉም ልክ ነው፤ ከአንዱ መስመር በቀር። ካርዱ የሚለው "ሳል ከጀመረዎ፣ ትኩሳት ባይኖርም፣ በዕለቱ ይደውሉ" ነው። ነርሷ የምትመጣው እርስዎ ሥራ ሲሄዱ ነው አይደል?»

«ድምፅዋን ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

«ታዲያ ማን አነበበልዎ?»

ባልየው ፊቱን ወደ ዋርሳው፣ ወደ ሚስቱ እህት፣ አዞረ። ልጅቷ አመድ መሰለች።

«አላየሁም ያልሽውን ካርድ አንብበሽዋል» አለቻት ወንፊት። «ጋሼ የሰሙትን ቃል በቃል እንደሚይዙ ረሳሽ። ደብተርሽም ቢሆን ለሐኪም አልተጻፈም፤ ለእኛ ነው። ያን ሁሉ ሙቀት ስትመዘግቢ፣ ሳል የሚል አንድ ቃል የለበትም።»

«ዐሥር ዓመት!» አለች እህት እንባዋ እየወረደ። «የማነብለት እኔ፣ መንገድ የምመራው እኔ፤ ሚስት የምትባለው ግን እሷ!»

ፖሊሶች ይዘዋት ወጡ። መርማሪዋ ባልየው አጠገብ ተቀመጠች።

«እርስዎ አልገደሏትም፤ ተታለው ነው።»

ባልየው ራሱን ነቀነቀ። «እጄን ይዛ "ሐኪም ጥራልኝ" ስትለኝ፣ "ሙቀትሽ ደህና ነው፤ አትፍሪ" እላት ነበር። የሚስቴን ቃል ትቼ የማንን አመንኩ?»