የጠላቂዋ ድካም

ቶሪካ ወንዙን መፍራት ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ሬዋ ወንዝ ውስጥ እየጠለቀች ካይ ስትለቅም የኖረች ሴት፣ በሠላሳ አራት ዓመቷ ውሃ ፈራሁ ብትል ማን ያምናታል? ካይ በወንዙ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር፣ በሁለት ዛጎል መካከል የተዘጋ ትንሽ ሥጋ ነው። የመንደሩ ሴቶች ውሃው ሲጎድል ጠብቀው ይገባሉ፤ ትንፋሻቸውን ይዘው ይወርዱና አሸዋውን በእጃቸው እየዳበሱ ቅርጫታቸውን ይሞላሉ። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚውሉት ይህ ተሽጦ ነው።

አሁን ግን ቶሪካ ታች ስትደርስ ጆሮዋ ይጮኻል፤ ዓይኗ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ይበተናል፤ ልቧ ድው ድው ይላል። ስትወጣ ታንኳውን ካልያዘች ጉልበቷ ይከዳታል። የቤቷ ደረጃ ሦስት ብቻ ሆኖ ሳለ መሃሉ ላይ ታርፋለች። እናቷን የገደላት የልብ ሕመም ስለነበር፣ የእሷም ቀን የደረሰ መሰላት። ያስፈራት የራሷ ሞት ብቻ አልነበረም። የአሥር ዓመት ልጇ ሚሊካ ያለ እናት ስትቀር ይታያት ነበር።

የባሏ እህት ሎሳሊኒ አብራት ትጠልቃለች። አንዷ ሌላዋን ካልተረበች ቀኑ አይነጋላቸውም።

“ምነው እቴ፣ ዛሬም ታንኳ አቅፈሽ ልትውዪ ነው?” አለቻት አንድ ጠዋት። “ወንድሜ ጠላቂ ያገባ መስሎት ነበር፤ ለካ መልሕቅ ነው ያገባው!”

“ትንሽ ደክሞኝ ነው።”

ሎሳሊኒ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ይሄ ድካም ብቻ አይመስለኝም። ቅርጫትሽ ሁልጊዜ ቀድሞ ነበር የሚሞላው። የቀናብሽ ሰው አንድ ነገር አድርጎብሻል። ለጊዜው ወፈር ያለ ሻይ ጠጪ፣ ደም ያሞቃል።”

ቶሪካ ጠጣች። ቁርሷ ሻይና ደረቅ ብስኩት፣ ምሳዋ ኑድልና ሻይ፣ ራቷ የተቀቀለ የካሳቫ ሥርና ሻይ ነበር። በመንደሩ ካይ የምትለቅም ሴት ካይ አትበላም፤ ትልልቁ ለገበያ ይሄዳል፣ የተረፈው ለባልና ለእንግዳ ይቀርባል። በየአጥሩ ጥግ የሚበቅለው በሌ የተባለው ለምለም ቅጠል ደግሞ ለአሳማ ይጣላል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ የሚጥሰውም አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ቶሪካ ለአራተኛ ጊዜ ወረደችና ቀረች።

ሎሳሊኒ ብቅ ብላ ዙሪያውን አየች። “ቶሪካ! ኧረ አትቀልጂ!” ትንፋሿን ሳትሰበስብ ተመልሳ ጠለቀች፤ በዳበሳ ፀጉሯን አገኘችና ጎትታ አወጣቻት። ቶሪካ አሸዋው ላይ ውሃ እያስመለሳት፣ ከንፈሯ ገርጥቶ፣ “ለሚሊካ እንዳትነግሯት” ብቻ ትል ነበር።

በጤና ጣቢያው ሲስተር ኡናይሲ ልቧን አዳመጠች፤ የዓይኗን የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጋ አየች፤ ከጣቷ ደም ወስዳ መረመረች። ከዚያ የበላችውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀቻት።

“ሲስተር፣ የቀናባት ሰው አለ” አለች ሎሳሊኒ።

“የቀናባትስ ሻይዋና ብስኩቷ ነው” አለች ነርሷ። “ደም ማነስ ነው። በጣም ወርዷል። ደም ያለ ብረት ማዕድን አይሠራም፤ ትንፋሽሽን ተሸክሞ ለሰውነትሽ የሚያደርሰው ደግሞ ደም ነው። የወር አበባሽ ይበዛል?”

“ይበዛል።”

“በዚያ ይወጣል፣ በምግብ አይተካም። ከምግብ ጋር የምትጠጪው ሻይ ያችኑ ትንሽ ብረት ያስቀርብሻል። ቶሪካ፣ በብረት የታወቀ ምግብ ከወንዝ እያወጣሽ ለከተማ ሰው ትሸጫለሽ፤ ለራስሽ ውሃና ስኳር!”

“እንግዲያው ካይ ከበላሁ ይበቃኛል?”

“አሁን ምግብ ብቻውን አይበቃሽም። ኪኒኑን ሳታቋርጪ ለወራት ትወስጃለሽ። ሆስፒታልም ሄደሽ ልብሽን ያዩልሻል፤ ድካም ከስኳር በሽታም፣ ከእንቅርትም፣ ከሆድ ትላትልም ሊመጣ ስለሚችል በግምት አይታከምም። ደምሽ እስኪመለስ ወንዝ መግባት የለም!”

በዚህ መሃል ሚሊካ ወሬውን ሰምታ እየሮጠች ገባች። በሩ ላይ ቆማ ትንፋሽ አጠራት። ነርሷ ወደ ብርሃን አቀረበቻትና የእሷንም የዓይን ቆብ ሳብ አደረገች። ቶሪካም አየች፤ ቀይ መሆን የነበረበት ውስጡ ነጭ ነው። አስተማሪዋ “ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች” ብሎ ለቶሪካ ሲነግራት፣ ሰንፋለች ብላ የገረፈቻት ልጅ ነች። ወንዙ ሥር እንኳ እንዲህ ያለ ፍርሃት ይዟት አያውቅም።

“እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኋት?” አለች።

“ሳታውቂ ነው። አሁን ግን አወቅሽ” አለቻት ነርሷ።

ቅዳሜ ባሏ ኢኖኬ፣ ሰው የሴት ሥራ ነው እያለ ቢስቅበትም፣ ጠልቆ ግማሽ ቅርጫት ካይ አመጣ። ቶሪካ ከበሌ ቅጠል ጋር በኮኮናት ወተት ሠራችው፤ ሎሚ ጨመቀችበት፤ መጀመሪያ ለሚሊካ፣ ቀጥላ ለራሷ አወጣች። ሻዩ ከምግብ ርቆ እንዲጠጣ ወሰነች።

ወገኖቼ፣ ድካምን ስንፍና፣ ምቀኛ ወይም ዕጣ ብለን ስንት ሰው አባክነናል! የደከመው ይመርመር፤ ጥሩው ምግብ ከገበያ በፊት ለቤት ይቅረብ፤ ሴትም ቀሪ ፍርፋሪ ጠባቂ አትሁን።

ሎሳሊኒ በሩ ላይ ቆማ፣ “ገበያውን ልትበሉት ነው?” ብላ ሳቀች። ቶሪካ ሳህን ሰጠቻት። ሎሳሊኒ ሁለት ጉርሻ እንደበላች ግን አቆመች። ጎንበስ ብላ የዓይኗን ቆብ በጣቷ ሳበች።

“ቶሪካ፣ እስቲ እዪልኝ። እኔም ታች ስደርስ ጆሮዬ ይጮኻል። ካንቺ በፊት ነው የጀመረኝ።”

ቶሪካ አየች፤ የእሷም ነጭ ነው። ማንኪያዋን አስቀምጣ እጇን ያዘቻትና፣ “ተነሺ፣ ሲስተር ሳትወጣ እንድረስ” አለቻት። ሎሳሊኒ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ አንዲት ቀልድ እንኳ አልወጣትም።