መድኃኒት ያልገደለው አረም

ዳሬል ቲንስሊ በጎልፍ ሜዳው ዘጠነኛ ጉድጓድ አጠገብ፣ ከውኃ መሳቢያው ክፍል ጀርባ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የሜዳው የሣር ኃላፊ ነበር፤ ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ያንን ሣር ሳያይ ቡና አይቀምስም። ማጅራቱን የመታው ብረት፣ የኳስ ጉድጓድ መቁረጫው፣ እዚያው ወድቋል።

መርማሪ ኦዴሳ ፕሩዊት ስትደርስ የክለቡ ሊቀመንበር ዌንደል ስታብስ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። ሣር አጫጁ ኔስቶር ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልቷል፤ የመሣሪያ ክፍሉ ቁልፍም ያለው እሱ ዘንድ ነው። «እሰሪውና እንገላገል፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት። ኔስቶር ከዱራንጎ የመጣው በክለቡ የሥራ ፈቃድ ነው፤ አንዴ ከታሰረ በኋላ ነፃ ቢወጣም ወደ አገሩ መባረሩ አይቀርም። ጠቡ ደግሞ ልጁ ታማበት የዕረፍት ፈቃድ በመጠየቁ የተነሣ ነበር። ኦዴሳ ተንበርክካ ሣሩን ማየት ጀመረች።

የካቲት ነው፤ ሣሩ ገና ከብርዱ እንቅልፍ አልነቃም፣ ቢጫ ነው። ከውኃ መሳቢያው ክፍል ግድግዳ ጀርባ ብቻ ነጭ ዘር ያንጠለጠለ አረንጓዴ አረም እዚህም እዚያም ፈክቷል። ሰው ሊደበቅ የሚችልበት ጥግ ላይ ግን አረሙ ተነቅሏል። ቀዳዳዎቹ ገና እርጥብ ናቸው፣ በአውራ ጣት ተጠቅጥቀዋል። የተነቀለው አረም የትም የለም።

የአረም መድኃኒት ሻጩን ክሌይን ጠራችው። እሱም ከሟቹ ጋር ሰላም አልነበረም፤ መድኃኒትህ አይሠራም እየተባለ በሰው ፊት ሲሰደብ ከርሟል።

«ይሄ አረም ሌላ ቦታስ አለ?»

«የለም ሚስ ኦዴሳ። የሌላው ሜዳ ሁሉ በኅዳሩ ርጭት አልቋል። ይሄ ግን መድኃኒቱን እንደ ውኃ ይጠጣዋል። ያልረጨንበት የለም፤ ይስቅብናል።»

የቀድሞው የሣር ኃላፊ ቨርጂል ካትሌት የክለቡ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ከአጥሩ ማዶ ነው የሚኖሩት፤ የፖሊስ መኪና አይተው እንደመጡ ነገሯት። ከተባረሩ ወዲህ ሜዳውን ረግጠውት እንደማያውቁም አከሉ። ይህን እያወሩ ከድንጋዩ ስንጥቅ ባለ ቢጫ አበባ አረም ነቀሉና ካፖርት ኪሳቸው ከተቱት።

«ለምን አይጥሉትም?» አለቻቸው።

«ዘሩ ይበተናላ ልጄ። ነቅለሽ ሣር ላይ ከጣልሽው፣ ዘራሽው ማለት ነው።»

ኦዴሳ አራቱንም በክለቡ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ከግድግዳው ጀርባ ሆኖ ዳሬልን ሲጠብቅ አረም ይነቅል ነበር» አለች። «ሌላው ሰው ሲጨንቀው ጥፍሩን ይበላል፤ የዚህ ሰው እጅ የለመደው ይህን ነው። የነቀለውን አልጣለም፣ ይዞት ሄዷል። ክሌይ እንደነገረኝ ደግሞ ያ አረም በሕይወት ያለው እዚያ ብቻ ነው። ዛሬ እርጥቡ በማንም ኪስ ቢገኝ፣ የመጣው ከሬሳው አጠገብ ነው። ኪሳችሁን ገልብጡልኝ።»

ዌንደል እያጉረመረመ መሐረብ አወጣ፤ ክሌይ ከረሜላ፣ ኔስቶር ቁልፉን። የቨርጂል እጅ ኪሳቸው ገባና እዚያው ቀረ። ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይህ ነው። ቀስ ብለው ቢጫውን አበባ፣ ቀጥለው ነጭ ዘር ያለበትን አንድ ጭብጥ አረም ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት።

«መንቀሌንም አላወቅሁም» አሉ። «ያንን አረም እዚያ የዘራው ዳሬል ነው። የኔ ረዳት ሳለ መድኃኒት ካቃተው ሜዳ ዘሩን አምጥቶ። እኔ እረጫለሁ፣ አረሙ ይበቅላል። ዌንደል አርጅተሃል ብሎ አባረረኝ። የምንኖርበት ቤት የክለቡ ስለነበር ወጣን፤ ሚስቴ አይሪኔ በኪራይ ተጎታች ቤት ውስጥ በብርድ ታማ ሞተች። ቅዳሜ ዕለት መጠጥ ቤት ሲያወራው ሰማሁት፤ እየሳቀ። የመሣሪያ ክፍሉ የድሮ ቁልፍ ደግሞ እኔ ዘንድ ቀርቶ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከሞት ቢነሣ እደግመዋለሁ።»

«ኔስቶርስ ምን አደረገዎ? ሲወስዱት ዝም ብለው ሊያዩ ነበር?»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ሰበሩ።

እጃቸው በፊት ለፊት ታስሮ ወደ መኪናው ሲወሰዱ መንገዱ በዘጠነኛው ጉድጓድ በኩል ነበር። የግራ ኪሳቸው አሁንም እንዳበጠ መሆኑን ኦዴሳ አይታለች። ማስረጃው በቂ ስለነበር አላስፈተሸቻቸውም፤ በዌንደል ላይም ከጠዋት ጀምሮ ጥርሷን ነክሳለች። ቨርጂል ቆሙ። ዕድሜ ልካቸውን አንድ ዘር ያላስወደቁ ሰው በታሰረ እጃቸው የቀረውን አረም አውጥተው እያሹ፣ ጉድጓዱ ዙሪያ ባለው ለስላሳ ሣር ላይ እንደ ገበሬ በተኑት።

«እንግዲህ ርጭ፣ ዌንደል» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከኔስቶር ጋር ከኋላ ይከተል የነበረው ዌንደል ደሙ ፈላ። ኔስቶር ቶሎ ብሎ አንድ ሳያስቀር እንዲለቅም አዘዘው። ኔስቶር ጎንበስ አለ፣ የጫማውን ክር አጥብቆ አሰረና ቀና አለ።